አፕዴት ጌማችሁን ካቋረጠባችሁ፦ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ የመዛወር መመሪያ

ለመጫወት ያላችሁ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ጓደኞቻችሁ ገብተው እየጠበቋችሁ ነው። ሄድሴቱን አጥልቃችሁ ኮምፒውተሩን ስትከፍቱት ግን የሚመጣው ጌሙ ሳይሆን የሚሽከረከር ክብና ከመቶ ስንት እንደደረሰ የሚቆጥር ቁጥር ነው። 12 ከመቶ። ቆየት ብላችሁ ስታዩት አሁንም 12 ከመቶ። የዚያን ቀን ጨዋታ በዚሁ አለቀ ማለት ነው።

እኔን የሚያናድደኝ አፕዴቱ ራሱ አይደለም። አፕዴት የግድ ነው። ሰርጎ ገቦች የሚገቡበት ቀዳዳ የሚደፈነው በእሱ ነው፤ አዲስ ጌም ሲወጣም ግራፊክስ ካርዱ በደንብ እንዲሠራ አዲስ ድራይቨር ያስፈልጋል። የሚያናድደኝ ሰዓቱን የምመርጠው እኔ አለመሆኔ ነው። የገዛ ኮምፒውተሬ መቼ እንደሚጠፋና መቼ እንደሚነሳ ሌላ ሰው ሊወስንልኝ አይገባም ባይ ነኝ። ሊኑክስን፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ (ኦፕን ሶርስ) ሲስተምን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከተዛወርኩ በኋላም ወደኋላ መመለስ አላማረኝም።

ከዚህ በታች ያለው ተርሚናል የሚባለውን ጥቁር መስኮት ነክቶ ለማያውቅ ጌመር ነው። አንድም ትዕዛዝ አያስጽፋችሁም። ሁሉም በማውዝ የሚያልቅ ነው።

ለዛሬ ማታ የሚሆን ማስታገሻ

መዛወር ጊዜ ይፈልጋል፤ ቅዳሜና እሁድን መጠበቅ ሊኖርባችሁ ይችላል። እስከዚያው ዊንዶውስ ላይ ማድረግ የምትችሉት ነገር አለ። ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለውን ክፈቱ። እዚያ አክቲቭ አወርስ የሚባል ታገኛላችሁ፤ ኮምፒውተሩ በራሱ ሪስታርት እንዳያደርግ የምትከለክሉበት ሰዓት ነው። በቀን ውስጥ እስከ 18 ሰዓት የሚረዝም ጊዜ ይቀበላል፤ ስለዚህ የምትጫወቱበትን ሰዓት በሙሉ አስገቡበት። እዚያው ገጽ ላይ አፕዴትን ለተወሰነ ጊዜ ማቆም ይቻላል፣ ዊንዶውስ 11 ላይ እስከ 5 ሳምንት። ጊዜው ካለቀ በኋላ ግን የተጠራቀመውን ሳትጭኑ እንደገና ማቆም አይቻልም። የምትጠቀሙበትን ዋይፋይ ሜትርድ ኮኔክሽን (ዳታው የተገደበ መስመር) ብላችሁ ብትሰይሙት ደግሞ አብዛኛው አፕዴት በራሱ አይወርድም። ደሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚለውንም አጥፉት፤ የወረደውን አፕዴት ከእናንተ ማሽን ለሌሎች ኮምፒውተሮች ሊያካፍል ስለሚችል ኢንተርኔታችሁን ይሻማል፣ ፒንግ ሲጨምር መጀመሪያ ከምፈትሻቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ማስታገሻ ነው። ቀኑን ይገፋል እንጂ ውሳኔውን ወደ እናንተ አያመጣም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 የወጣው የዊንዶውስ 10 ትልቅ አፕዴት የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ፋይል በማጥፋቱ ማይክሮሶፍት ስርጭቱን ለማቆም ተገዶ ነበር። በ2024 መጨረሻ ደግሞ 24ኤች2 የተባለው የዊንዶውስ 11 አፕዴት የተወሰኑ የዩቢሶፍት ጌሞችን እያስቆመ በመገኘቱ፣ ጌሞቹ ያሉባቸው ኮምፒውተሮች እንዳያገኙት ታግዶ ቆየ። ዊንዶውስ 10 ራሱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ ወደ 11 ለመሄድ ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ እና በአንጻራዊነት አዲስ ፕሮሰሰር ይጠየቃል። ዛሬም ጌም በደንብ የሚያጫውቱ ብዙ ማሽኖች ይህን መስፈርት አያሟሉም። ደህና የሚሠራ ኮምፒውተር በዚህ ምክንያት ብቻ ሲጣል ማየት ያሳዝነኛል።

ከሁሉ በፊት ጌሞቻችሁን ፈትሹ

ይህን ደረጃ ዘላችሁ ወደ መጫኑ አትሂዱ። ሊኑክስ ሞክረው በሳምንቱ ከተመለሱት ሰዎች ብዙዎቹ የዘለሉት ይህንን ነው።

የዊንዶውስ ጌም ሊኑክስ ላይ የሚሠራው ፕሮቶን በሚባል መሣሪያ ነው። ፕሮቶንን የስቲም ባለቤት የሆነው ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲያወጣው ከባዶ አልጀመረም። ዋይን የተባለው ፕሮጀክት የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ ለማስኬድ ከ1993 ጀምሮ ሲለፋበት የቆየ ነው። ዳይሬክት ኤክስ የሚናገረውን ግራፊክስ ቩልካን ወደሚባለው የሚተረጉመው ዲኤክስቪኬ ደግሞ አንድ ሰው በግሉ የጀመረው ነው። ቫልቭ እነዚህን አንድ ላይ አድርጎ ስቲም ውስጥ አስገባቸው፣ የራሱንም ሥራ ጨመረበት፣ ኮዱንም መልሶ ለሁሉም ክፍት አደረገው። ኦፕን ሶርስን የምወደው እንዲህ ስለሆነ ነው። የአንዱ ልፋት የሌላው መነሻ ይሆናል፤ ነገ ቫልቭ ፊቱን ቢያዞር እንኳ ሥራው አይጠፋም። በ2022 የወጣው የቫልቭ በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ፣ ስቲም ዴክ፣ የሚሄደው በዚሁ ነው፤ ውስጡ ሊኑክስ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ወረቀት ያዙና በእርግጥ የምትጫወቷቸውን ጌሞች ጻፉ። ገዝታችሁ ያልነካችኋቸውን አይደለም፣ ባለፉት ሦስት ወራት የከፈታችኋቸውን። ከዚያ ፕሮቶንዲቢ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ አንድ በአንድ ፈልጓቸው። ተጫዋቾች ራሳቸው ሞክረው ውጤቱን የሚጽፉበት ነው። ፕላቲነም ከሆነ ያለምንም ማስተካከያ ይሠራል። ጎልድ ከሆነ ትንሽ ነካ ነካ ማድረግ ሊፈልግ ይችላል። ሲልቨርና ብሮንዝ ከሆነ ግን አስተያየቶቹን አንብቡ፤ በተለይ የእናንተን ዓይነት ግራፊክስ ካርድ ያላቸው ሰዎች በቅርብ ጊዜ የጻፉትን ፈልጉ። የሦስት ዓመት ቅሬታ ዛሬ ላይሠራ ይችላል፤ ፕሮቶን በፍጥነት የሚለወጥ ነገር ነው።

ለብቻ የሚጫወቱ ጌሞች ላይ ችግር እምብዛም አይገጥማችሁም። ሳይበርፐንክ 2077፣ ኤልደን ሪንግ፣ ባልደርስ ጌት 3 ይሠራሉ። ዶታ 2 እና ካውንተር ስትራይክ 2 ደግሞ ለሊኑክስ በቀጥታ የተሠሩ ናቸው፣ ፕሮቶንም አያስፈልጋቸውም።

ችግሩ ያለው ኦንላይን ውድድር ላይ፣ ፀረ ማጭበርበሪያ ሶፍትዌር በሚጠቀሙት ላይ ነው። ኢዚ አንቲ ቺት እና ባትልአይ የሚባሉት ሁለቱ ትልልቆች ከ2021 ጀምሮ ፕሮቶን ላይ መሥራት ይችላሉ፤ ግን የጌሙ ባለቤት ራሱ መፍቀድ አለበት። ያልፈቀዱ አሉ። ፎርትናይት አይሠራም። ቫሎራንት አይሠራም። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ቫንጋርድ የተባለውን ፀረ ማጭበርበሪያ ከጨመረ ከ2024 ወዲህ አይሠራም። አፔክስ ሌጀንድስ ይሠራ ነበር፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ለሊኑክስ ተዘጋ። ይህ የቴክኒክ አቅም ማነስ ብቻ አይደለም፤ ኩባንያዎቹ የወሰኑት ውሳኔ ነው፣ እኛ ከዚህ በኩል ልንጠግነው አንችልም። አር ዊ አንቲ ቺት የት የሚባል የጌሞቹን ዝርዝር የሚከታተል ገጽ አለ፣ የእናንተን እዚያ አጣሩ። ሕይወታችሁ ቫሎራንት ከሆነ እውነቱን ልንገራችሁ፦ ዊንዶውሱን አታጥፉት፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጉ። እንዴት እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

የትኛውን ሊኑክስ?

ሊኑክስ አንድ ምርት አይደለም። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት ነው፤ በዚያ ዙሪያ የተለያዩ ቡድኖች የየራሳቸውን ሙሉ ሲስተም ሠርተዋል፣ ዲስትሮ ይባላል። መቶዎች አሉ። እኔ ግን ለጀማሪ ጌመር ከሁለት በላይ አልጠራም።

አንደኛው ሊኑክስ ሚንት ነው። መልኩ ዊንዶውስ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንም፣ እያንዳንዱ ትልቅ ቨርዥን ለ5 ዓመት አፕዴት ያገኛል፣ ደግሞም አይጨቀጭቅም። ሁለተኛው ባዛይት ነው። ፌዶራ በሚባል ሌላ ዲስትሮ ላይ የተመሠረተ ሆኖ ለጌም ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ ስቲም አብሮት ይመጣል፣ የኤንቪዲያ ድራይቨር ያለበትን ፋይል መርጣችሁ ማውረድም ትችላላችሁ። ኮምፒውተራችሁ በጣም አዲስ ከሆነ፣ ወይም የተለያየ ሪፍሬሽ ሬት ያላቸው ሁለት ስክሪኖች ካሏችሁ ባዛይት ይሻላል። ለትምህርትም ለሥራም ለጌምም የሚሆን፣ የተረጋጋ ነገር ከፈለጋችሁ ሚንት። አርች የሚባለውን ዲስትሮ አሁን ተዉት፣ ጥሩ ነው ግን በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ዝግጅት

ባክአፕ። ፎቶ፣ ሰነድ፣ የጌም ሴቭ፣ ሁሉንም ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጡ። ስቲም ክላውድ ያላቸው ጌሞች ሴቫቸው በራሱ ይመለሳል፣ የሌላቸውን ግን እናንተ ፈልጋችሁ መቅዳት አለባችሁ።

ዊንዶውሱን የምታቆዩት ከሆነ ሁለት ነገር ጨምሩ። ፋስት ስታርትአፕ የሚለውን ከፓወር ሴቲንግ ውስጥ አጥፉ፣ ምክንያቱም እሱ ካለ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ስለማይጠፋ ሊኑክስ ዲስኩን በደንብ መክፈት አይችልም። ሁለተኛው ቢትሎከር ነው፤ ዲስኩ የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን አሁኑኑ ወረቀት ላይ ጻፉት። አንዳንድ ማሽኖች ላይ ሳታውቁት ተቆልፎ ሊሆን ይችላል፣ የቡት ሴቲንግ ሲቀየር ቁልፉን ይጠይቃችኋል፣ ያኔ ከሌላችሁ ፋይላችሁን መልሳችሁ ላታገኙት ትችላላችሁ።

ከቻላችሁ ለሊኑክስ የተለየ ዲስክ አዘጋጁ። አንድ ዲስክ ከፍሎ ሁለቱን ማስገባት ይቻላል፣ ግን ዊንዶውስ ትልቅ አፕዴት ሲያደርግ ማን ቀድሞ እንደሚነሳ የሚወስነውን ቅደም ተከተል ሊቀይረው ይችላል። በየራሳቸው ዲስክ ላይ ሲሆኑ አንዱ ሌላውን የመንካት ዕድሉ በጣም ይቀንሳል።

መጫኑ

የሚንትን ፋይል ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱ፣ 3 ጊጋባይት አካባቢ ነው። ቢያንስ 8 ጊጋ የሆነ ፍላሽ አዘጋጁ፤ ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ የምትፈልጉት ነገር እንዳይኖርበት። ሩፉስ ወይም ባሌና ኤቸር በሚባለው ፕሮግራም ፋይሉን ፍላሹ ላይ ጻፉ። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታበሩ እንደ ማሽኑ ዓይነት ኤፍ12፣ ኤፍ2 ወይም ኢስኬፕን እየተጫናችሁ ከፍላሹ እንዲነሳ ምረጡ።

ሚንት ምንም ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ይከፈታል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ዋይፋዩ ይሠራል? ድምፁስ? ማውዙ፣ ኮንትሮለሩ፣ ሄድሴቱ? አሁን የሠራ ነገር ሲጫንም እንደሚሠራ መገመት ትችላላችሁ፣ ያልሠራውን ደግሞ ዲስካችሁ ሳይነካ አውቃችሁታል። የኤክስቦክስና የፕሌይስቴሽን ኮንትሮለሮች አብዛኛውን ጊዜ ሰክታችሁ ብቻ ይሠራሉ። የኪቦርዱና የማውዙ መብራት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ግን ለሊኑክስ የሚሠራለት ኩባንያ እምብዛም የለም፤ ኦፕን አርጂቢ የሚባለውን በኋላ ሞክሩት።

ሁሉ ደህና ከሆነ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ኢንስቶል የሚለውን ተጫኑና ጥያቄዎቹን መልሱ። አንዱ ላይ ብቻ ቆም በሉ፦ የትኛው ዲስክ ላይ እንደሚጫን ሲጠይቃችሁ። ስሙንና መጠኑን ሁለቴ አንብቡ። ስህተት ቢፈጠር የማይመለሰው እዚህ ጋ ብቻ ነው።

ከተጫነ በኋላ የኤኤምዲ ካርድ ያለው ሰው ብዙም የሚሠራው የለም፣ ድራይቨሩ ከርነሉና ሜሳ የሚባለው የግራፊክስ ሶፍትዌር ውስጥ አብሮ ይመጣል፣ እሱም ኦፕን ሶርስ ነው። ኤንቪዲያ ያለው ሰው ድራይቨር ማኔጀር የሚለውን ከፍቶ ሪኮመንድድ የተባለውን ይጫን። ሴኪዩር ቡት (ያልተፈቀደ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ሲነሳ እንዳይገባ የሚከለክለው) በርቶ ከሆነ ሲስተሙ የይለፍ ቃል አስመርጧችሁ፣ ሪስታርት ሲደረግ ኤንሮል የሚል ገጽ ያመጣል። ያንን ገጽ ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት፤ ካለፋችሁት ድራይቨሩ አይነሳም፣ ጌሙም ይንቀራፈፋል።

ስቲምና ፕሮቶን

ስቲምን ከሚንት ሶፍትዌር ማኔጀር ውስጥ ጫኑ፣ ፍላትፓክ (አንዱ የፕሮግራም ማሸጊያ ዓይነት) ያልሆነውን ምረጡ። ኡቡንቱ የሚባለውን ዲስትሮ የምትጠቀሙ ካላችሁ ደግሞ ስናፕ በሚባለው ማሸጊያ የሚመጣውን ስቲም ተዉት፣ ብዙ ሰው ተቸግሮበታል። ስቲም ውስጥ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኮምፓቲቢሊቲ ግቡና ስቲም ፕሌይ፣ ማለትም ፕሮቶን፣ ለሁሉም ጌሞች መብራቱን አረጋግጡ፤ አዳዲስ የስቲም ቨርዥኖች ላይ በራሱ የበራ ነው። በቃ። ከዚህ በኋላ ኢንስቶል፣ ፕሌይ ነው።

ጌሙ መጀመሪያ ሲነሳ የቩልካን ሼደር (ለግራፊክስ ካርዱ የሚሆን ኮድ) እያዘጋጀሁ ነው ብሎ ሊያቆያችሁ ይችላል። ታገሱት፤ መሃል ላይ የሚፈጠረውን መንተባተብ የሚቀንሰው እሱ ነው። አንድ ጌም እምቢ ካለ የጌሙ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብታችሁ ሌላ የፕሮቶን ቨርዥን ምረጡለት፣ በመጀመሪያ ኤክስፐሪሜንታል የሚለውን። ያም ካልሆነ ፕሮቶንአፕ ኪውቲ በሚባለው ፕሮግራም ጂኢ ፕሮቶን የተባለውን ሌላ የፕሮቶን ዓይነት ጫኑ፤ በተለይ የቪዲዮ ትዕይንት ላይ የሚቆሙ ጌሞችን ብዙ ጊዜ ያስተካክላል። ኤፒክና ጎግ ላይ ያሏችሁን ጌሞች ሂሮይክ በሚባለው ታገኟቸዋላችሁ፣ ለሌላው ሉትሪስ አለ።

አንድ ስህተት ላስጠንቅቃችሁ፣ እኔም የሠራሁት ነው። ዊንዶውስ ላይ ያወረዳችኋቸውን ጌሞች እዚያው ዲስክ ላይ እንዳሉ ከሊኑክስ ለመክፈት አትሞክሩ። ዲስኩ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ የፋይል አደራደር የተሠራ ስለሆነ ፕሮቶን የሚፈጥራቸውን ፋይሎች በደንብ አይዝም፣ ጌሙም አንዴ ይነሳል አንዴ አይነሳም፣ ጥፋቱ የሊኑክስ ይመስላችኋል። የጌም ዲስካችሁን ኤክስት4 በሚባለው የሊኑክስ አደራደር አድርጉት፣ ጌሞቹንም እንደገና አውርዷቸው።

አሁን ወደ አፕዴቱ

የመጣነው ለዚህ ነው። ሚንት ላይ ከታች በቀኝ በኩል የጋሻ ምልክት አለ። አፕዴት ሲኖር ምልክቱ ይለወጣል፣ ከዚያ በላይ ምንም አያደርግም። አይዘጋችሁም፣ ጌም መሃል ላይ አይገባም፣ ሪስታርት አያደርግም። ስትከፍቱት ምን ምን እንደሚለወጥ በዝርዝር ይታያል፦ የትኛው ፕሮግራም፣ ከየትኛው ቨርዥን ወደ የትኛው፣ የደህንነት ጉዳይ ይሁን ተራ ለውጥ። የማትፈልጉትን ምልክቱን አንስታችሁ ትተዉታላችሁ። ዛሬ ውድድር ካላችሁና የግራፊክስ ድራይቨር አፕዴት ከመጣ እሱን ብቻ ለነገ ማስቀረት ትችላላችሁ።

ከርነል ከተለወጠ ሪስታርት ያስፈልጋል ብሎ ይነግራችኋል። መቼ እንደሆነ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። አሮጌው ከርነል ደግሞ ወዲያው አይጠፋም፤ አዲሱ ችግር ካመጣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ከሚለው ውስጥ የቀድሞውን ትመርጣላችሁ።

ከመጀመሪያው አፕዴት በፊት ታይምሺፍትን አዘጋጁ፣ ሚንት ላይ አብሮ የመጣ ነው። የሲስተሙን ፎቶ እንደማንሳት ነው፤ ከአፕዴት በኋላ አንድ ነገር ቢበላሽ ወደዚያ ቀን ትመልሱታላችሁ። በየሳምንቱ አንድ እንዲያነሳና ሁለት ሦስቱን እንዲያስቀር አድርጉት፣ ይበቃል። የሚያስቀምጠው ግን ሲስተሙን ነው እንጂ የግል ፋይላችሁን አይደለም፣ ለሱ የራሱ ባክአፕ ያስፈልጋል። ባዛይት አሠራሩ ይለያል፦ አፕዴቱን ከኋላ ሆኖ ያወርዳል፣ ግን ሥራ ላይ የሚውለው እናንተ ራሳችሁ ሪስታርት ስታደርጉ ነው፣ የቀድሞውንም ሲስተም እንዳለ ያስቀምጠዋል። ካልተመቻችሁ ስታበሩት ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የቀድሞውን መምረጥ ነው።

ነፃነቱ ስላለ ብላችሁ ግን ለወራት አትተዉት። እኔ እሁድ ጠዋት መድቤለታለሁ። ጋሻውን እከፍታለሁ፣ የደህንነቶቹን በሙሉ እጭናለሁ፣ ሌላውን አየት አድርጌ እጨምራለሁ፣ ሪስታርት ካስፈለገ አደርጋለሁ፣ ከዚያ አንድ ጌም ለጥቂት ደቂቃ ከፍቼ እፈትሻለሁ። ብዙ ጊዜ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

የጌሞቹ የራሳቸው አፕዴት ደግሞ የስቲም ጉዳይ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ዳውንሎድስ የሚለው ላይ አፕዴቶቹ በራሳቸው የሚወርዱበትን ሰዓት መገደብ ትችላላችሁ። ሌሊት ከ8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት (በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2 AM እስከ 6 AM) ብትሉት፣ ማታ ስትጫወቱ ኢንተርኔቱ ሙሉ በሙሉ የጌሙ ይሆናል።